ስምንት ማክሰኞ

«የሟች መድኃኒት ነው ያከሳት» አለች ሃኒ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች እየመሰላት። እፀገነት ከመጋረጃው ወዲህ ወገቡ ሌላ ሴት የሚጨምር ቀሚስ ለብሳ፣ ትርፉን ጨርቅ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። የጦልሃ ስፌት ቤት ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ዳር ያለች፣ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የሚንቀጠቀጥ ማራገቢያ የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ልብስ የሚለካባት ጥግ የተከለለችው በአበባማ አሮጌ አንሶላ ነው። ሃኒ ግን አንሶላውን ግንብ አድርጋ ቆጥራው ትቀጥላለች። ወንድሜ ሲሞት ፍሪጁ ውስጥ ያ በሳምንት አንዴ የሚወጉት እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ነበር፤ ለስኳሩ ነው ይባላል እንጂ ዛሬ ሴቱ ሁሉ የሚወጋው ለመክሳት አይደል፤ ሰው በአንድ ዓመት ሃያ ኪሎ በምን ይቀንሳል? ከዚያ ዋናውን አመጣችው። «ደግሞ ከሞተ በኋላ ይሁን በሕይወት እያለ ማን አየ? እየተካፈለችው ቢሆንስ? እሱ ስኳሩ እየወጣ፣ እሷ እየቀጠነች።»

ይህን የምትነግረው ለእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ነው። እትዬ የሟቹ የሰይፈ ሚካኤል አክስት ናቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ማን እንደሚታረቅ፣ ማን ቤት እንደማይገባ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ይግባኝ የለውም። የሰይፈ ሙት ዓመት በሚቀጥለው እሑድ ነው። በዚያ ቀን የባል ወገን ታላቅ ሴት በሰው ሁሉ ፊት የሚስቲቱን ጥቁር አውልቃ አዲስ ቀሚስ ታለብሳታለች። እትዬ ካላለበሷት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እስከ ለገሃሬ ድረስ ምክንያቱን የማይሰማ ጆሮ አይኖርም፤ እፀገነትም በቀሪ ዕድሜዋ የባሏን መድኃኒት የቀማች ሴት ሆና ትኖራለች። እትዬ ጥቂት አሰቡና «እንዲህ ከሆነማ ጥቁሩ በኔ እጅ አይወልቅም» አሉ። ጦልሃ በዚህች ሰዓት የስፌት መኪናውን በኃይል ማሽከርከር ጀመረ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሊሸፍንላቸው ፈልጎ ነበር፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ።

እፀገነት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጆች «መላምት በሙከራ ነው የሚረጋገጠው» ስትል ኖራለች፤ ለባሏ ዘመዶች ግን አስተምራ አታውቅም። ሰይፈ የሞተው በልቡ ነው። የሐኪሙ ወረቀት መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ወረቀቱን አምጪና እንየው ያለ ግን የለም፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሐኪም ስለሆነ የሌላ ሐኪም አስተያየት አላስፈለገም። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሃኒ ፈገግ አለችላትና «ቀለሙ እንዴት አምሮብሻል እፀ» አለቻት። እትዬ ወደ ገበያው አዩ። ጦልሃ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሩ ይዞ ቀረበና ከደብተሩ ላይ ያለውን ልክ ከሴትየዋ ጋር አስተያየ፤ ቀሚሱን የሰፋው የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ በለካት ልክ ነበር። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ሃኒ «ልኳ አንተ ጋ አለ» ብላ ጨርቁን ጥላለት ሄዳ ነበር። ትርፉን በመርፌ ቁልፍ ከያዘው በኋላ ጠየቃት።

«ልቁረጠው ወይስ ወደ ውስጥ ልጠፈው?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ከቆረጥኩት ያምራል፣ ግን አይመለስም። ካጠፍኩት ትንሽ ይወፍራል፣ ግን በኋላ ቢፈለግ ይለቀቃል።»

«ከሰዓት መጥቼ እነግርሃለሁ» አለችው።

ከቀፊራ ቤቷ እስካለበት እስከ ከዚራ ሰፈር በእግሯ ሄደች፤ ባጃጁ ብቻዋን ለመውሰድ መቶ ሃምሳ ብር ጠይቋት ነበር። መንገዱ ላይ እንደ ወትሮው ሦስት ሰው አስቆማት። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አካባቢ «አይዞሽ» ይሏት የነበሩት ሰዎች፣ ከመስከረም ወዲህ «ምን ወስደሽ ነው?» ማለት ጀምረዋል። የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ ጠይቃታለች። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በጆሮዋ ጠይቃታለች። ለሠላሳ ቀን ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጥታ ከጨጓራ በቀር ምንም ያላገኘች ጎረቤት፣ ደብቃኛለች ብላ አኩርፋታለች። «ምንም አልወሰድኩም» የሚለውን መልስ የተቀበለ እስካሁን የለም። አንዳንዴ ማዘዣውን ጽፋ ብትሰጣቸው ብላ ታስባለች። ሃያ አራት ዓመት አብረሽው የበላሽውን ሰው ትቀብሪያለሽ። ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ ማዕድ ፊት ትቀመጪያለሽ። ከምግብ በፊትም ከምግብ በኋላም ይወሰዳል፤ ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው። ግን ጽፋ አልሰጠችም፤ ሰላም ብላ፣ ቤተሰብ ጠይቃ ታልፋለች።

ተፈጥሯዊ ሲባል ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ ሥልጣኑ የዘገዬ ነው። ዘገዬ የሃኒ ባል ነው፤ ድሮ ትራንዚተር ነበር፤ አሁን የሽፈራው ቅጠል ፈጭቶ፣ በላስቲክ አሽጎ፣ አንዱን እሽግ በአራት መቶ ብር ይሸጣል። እሽጉ ላይ የሃኒ ሁለት ፎቶ አለ፤ ግራው «በፊት»፣ ቀኙ «በኋላ»። በሁለት ወር ስድስት ኪሎ። በየጠዋቱ ከዚራ ዛፎች ሥር አምስት ስድስት ሰው አሰልፎ ይራመዳል፤ ስለ ኬሚካል ክፉነት እየሰበከ ይሄድና፣ ሲጨርሱ ፈጢራ በእንቁላልና በማር ይጋብዛቸዋል፤ ማሩ ተፈጥሯዊ ነው። ድሬዳዋ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ቅጠል አጥታ አታውቅም፤ በየቀኑ እኩለ ቀን ሲል ትኩሱ በመኪና ይደርሳል፤ ዘገዬም ከምሳ በኋላ ከሱ አይቀርም። ያንን ግን ማሸግ አላስፈለገውም።

የእፀገነት ቤት በባቡሩ ዘመን የተሠራ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ በኋላ ለሁለት የተከፈለ ቤት ነው። በአንደኛው ወገን እሷ፣ በሌላኛው ኹርሲ ይኖራሉ። ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄደች። መርፌዎቹን ልትጥላቸው ነበር። ሁለት ነበሩ፣ ከነካርቶናቸው፣ በሩ መደርደሪያ ላይ፤ ሰይፈ ከመሞቱ በፊት ባለው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጡለት፣ ዋጋቸው ከደመወዟ የሚበልጥ። አንዱ መርፌ አራት ጊዜ ይወጋል፤ በሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ። ሰይፈ መድኃኒቱ የመጣ ዕለት ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ አራት ትንንሽ ሳጥን ይሥላል፤ በተወጋ ቁጥር አንዱን ይመታል። መርፌውን የምትወጋው እሷ ነበረች፤ ምልክቱን የሚያደርገው እሱ። በእነዚህ በሁለቱ ላይ ስምንት ሳጥን ሥሎ፣ አንዱንም ሳይመታ ነው የሄደው። እፀገነት ዓመቱን ሙሉ ያላነሳቻቸው ለዚያ ነው። ያንን ግን ለማንም አልነገረችም።

ካርቶኖቹን አወጣቻቸው። ቀለሉባት። ስታገላብጣቸው ስምንቱም ሳጥኖች በቀይ እስክሪብቶ ተመትተዋል፤ አንድ በአንድ፣ ሳይዘሉ፣ በንጽሕና። ከፈተቻቸው፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። ክዳናቸው እንደነበረ ተመልሶ ተዘግቷል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቀዩን ምልክት አየችው። የፍሪጁ በር ተከፍቶ ቀርቶ ብርዱ እግሯ ላይ ይፈስ ነበር፤ ተነስታ ለመዝጋት ጊዜ ወሰደባት።

«አባዮ፣ አለሽ?» ኹርሲ ናት፤ እህቴ ማለቷ ነው፤ ሳታንኳኳ ትገባለች። የምትሸጠውን የላስቲክ ውሃ ከፍሪጁ ላይኛው ክፍል ልትወስድ መጥታ ነው። ውሃዋን እዚህ ማስቀመጥ የጀመረችው ለረመዳን ነው፤ የራሷ ፍሪጅ ሞልቶባት፤ ጾሙ ካለቀ በኋላም ውሃው እዚያው ቀረ። ውሃውን በሳፋ እየደረደረች የእፀገነትን ፊት አየች፣ ካርቶኖቹንም አየች። «ያቺ የባልሽ እህት መድኃኒቱን ጨረሰችው?»

«አይተሻታል?»

«ወላሂ በየማክሰኞው እየመጣች ፍሪጁን ትከፍት ነበር። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሆኚ። ቁልፍ አላት፤ የለቅሶው ጊዜ የሰጠሻት ቁልፍ። ምን ልታደርጊ መጣሽ ስላት፣ የእፀን አበባ ላጠጣ አለችኝ።» ሳፋውን ወገቧ ላይ አስደገፈችና ክፍሉን ዞር ብላ ቃኘች። «አበባ አለሽ እንዴ?»

«የለኝም።»

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አለች ኹርሲ። «ከሳሁ ብላ ወገቧን አሳየችኝ። እኔ ደግሞ ታመመች ብዬ የግመል ወተት ሰጠኋት። አንድ ሊትር ጠጣች፣ ማሻ አላህ። አንቺ ግን አንድ ብርጭቆ አትጨርሺልኝም።» በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «ትናገሪያታለሽ?»

እፀገነት ካርቶኖቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ምሳ ጠርታኛለች» አለች።

የሃኒ ቤት ሳቢያን ሰፈር ነው፤ አዲስ ቪላ፣ ሳሎኑ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ያለው። ምሳው የተጠራው ስለ ሙት ዓመቱና ስለ ሰርጉ ለመነጋገር ነው። የሃኒ ልጅ ኑሀሚን ልታገባ ቀኗ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ የአጎቷ ዓመት ሳይወጣ ስለማይደገስ ሰርጉ ከሙት ዓመቱ በኋላ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ እንዲሆን ተቀጥሯል። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሴቶቹም ያው ናቸው፤ የሚቀየረው ፊት ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ የፍየል ሥጋ በሩዝ፣ ጥብስ፣ ሳምቡሳ፣ ሰላጣና በእትዬ ፊት ለብቻው የቀረበ ዶሮ አለ። በመካከሉ እንደ አበባ ማስቀመጫ የቆመው የዘገዬ የሽፈራው እሽግ ነው፤ ሃኒ ከነ«በፊቷ»ና ከነ«በኋላዋ» እንግዶቹን ታያለች። ሃኒ እራሷ ሁለት ማንኪያ ሩዝ አውጥታ ሳህኗ ላይ ወዲያ ወዲህ ታደርገዋለች፤ ዘገዬም ይህንኑ በጣቱ እያሳየ «ቅጠሉ ነው እንዲህ ያደረጋት» ይላል። «መርፌ አይደለም፤ ኬሚካል አይደለም። የኔ ሚስት እኮ ፓራሲታሞል እንኳ አትወስድም።» ሃኒ አንገቷን ደፋች። ትሕትና ይመስል ነበር።

እፀገነት ከእትዬ ትይዩ ተቀምጣለች። እትዬ ሰላም ሲሏት ጉንጫቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰጧት፤ በዚህ ቤተሰብ ከአራቱ ስሞሽ ሦስቱ ሲጎድል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለ ካህናቱ ተነጋገሩ። ስለ ድንኳኑ ተነጋገሩ። እፀገነት ቀሚስ ትለብሳለች ወይ የሚለውን ማንም አላነሳውም፤ ስለ ወጡ ቅመም ሩብ ሰዓት አወሩ። ኑሀሚን ስልኳን እያየች የሰርግ ቀሚሷ አዲስ አበባ እንደሚሰፋ ተናገረች፤ እናቷ ለሰርጉ ልትለብሰው ያሰበችውን ቀሚስም በፎቶ አሳየች፤ ጠባብ ነው። ከዚያ ነገሩ ወደ ለስላሳውና ወደ ውሃው ዞረ። አርባ ሳጥን መጠጥ በዚህ ሙቀት የት ይቀዘቅዛል?

«እፀ፣ ያንቺ ፍሪጅ ባዶ አይደል?» አለ ዘገዬ። «ሰፊ ነው። ለሁለቱም ድግስ እዚያ እንደርድረው።»

«ይቻላል» አለች እፀገነት። «አሁን ተሰክቷል።»

«አሁን ማለት?»

«ተነቅሎ ነበር። አርባው እንደወጣ ነው የነቀልኩት፤ ለአንድ ሰው የሚያድር ምግብ የለም። ከዚያ የሰካሁት በየካቲት፣ ኹርሲ ለረመዳን ውሃ ላቀዝቅዝበት ስትለኝ።» ሩዙን በማንኪያዋ ሰበሰበችው። የፍሪጁን ድምፅ ሰምቶ «መብራት መጣ» የሚል ሰው ስለሌለ የሚለውን አልጨመረችም። «ከሰኔ እስከ የካቲት እንደዚሁ ነው የተዘጋው። ክረምቱንም፣ የመስከረምን ሙቀትም። አንድ ቀን ከፍቼው ውስጡ እንደ ምድጃ ነበር። ያኔ በሩ ላይ የነበረ ነገር ሁሉ በስሏል፤ መልኩን አይቀይርም እንጂ።»

የሃኒ ማንኪያ ሳህኗ ጠርዝ ላይ ቆመ። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ፣ ከእምብርቷ ወደ ግራ፣ መርፌው ይወጋ ወደነበረበት ቦታ።

«ቀዝቃዛ ነበር እኮ» አለች።

«ምኑ?» አሉ እትዬ።

«ውሃው። የኹርሲ ውሃ።»

«አንቺ የኹርሲን ውሃ መቼ ጠጣሽ?»

የእፀገነት ቦርሳ ከወንበሯ ሥር ነው፤ ዚፑን ሳብ አድርጋ ሁለቱን ካርቶን ከሽፈራው እሽግ አጠገብ ብታቆማቸው፣ በግራ «በፊት»፣ በቀኝ «በኋላ»፣ ሁሉም ነገር በአንድ ደቂቃ ያልቃል። የሃኒ ዓይን እሷ ላይ ተተክሏል። ኑሀሚን አሁንም ያንን ጠባብ ቀሚስ በስልኳ እያሰፋች ታያለች።

«አበባ ልታጠጣልኝ ስትመጣ ነው፣ እትዬ» አለች እፀገነት። «ሃኒ በየማክሰኞው እየመጣች አበባዬን ታጠጣልኛለች። ስምንት ሳምንት አላቋረጠችም።»

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በለቅሶው ጊዜ አርባ ሌሊት እዚያ ቤት አድረዋል። ጓዳውን፣ በረንዳውን፣ የመስኮቱን ደፍ ያውቁታል፤ በጣሳ የተተከለ በሶብላ እንኳ የለም። ማላመጣቸውን ቀስ አደረጉ። እሽጉ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ። ሃኒን አዩ፤ የሃኒን እጅ፣ ከሆዷ ያልተነሳውን። ከዚያ የእፀገነትን አንገት ሥር፣ አጥንቱ የወጣበትን ቦታ፣ ዛሬ ገና እንዳዩት ሁሉ ቆይተው አዩ።

«አበባ» አሉ።

«አበባ ጥሩ ነው» አለ ዘገዬ። «እኔ ግን ሽፈራው ትከይ እላታለሁ። ጥላም ይሆናል፣ ቅጠሉም—»

«ዝም በልና ብላ፣ ዘገዬ» አሉት። የዶሮውን ፈረሰኛ አንስተው፣ ጠረጴዛውን ተሻግረው፣ እፀገነት ሳህን ላይ አስቀመጡት። በዚህ ቤተሰብ ይቅርታ የሚባለው ነገር በቃል ወጥቶ አያውቅም፤ አልፎ አልፎ በወጥ መልክ ይቀርባል። «ቀሚሱ መቼ ይደርሳል?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ለኔ አምጪልኝ፣ እኔ ጋ ይደር። በኔ እጅ ነው የምትለብሺው።»

እፀገነት ሥጋውን ቆረሰችና በላችው። ጨው በዝቶበታል። ጨረሰችው።

ስትወጣ ሃኒ እስከ በሩ ሸኘቻት። ሁልጊዜ ከሳሎን ነው የምትሸኛት። ባጃጅ እስኪመጣ ግንቡ ጥላ ሥር ቆሙ፤ ሃኒ ነጠላዋን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች።

«ጠዋት ጦልሃ ቤት… ሰምተሽ ነበር?»

«መጋረጃው ጨርቅ ነው፣ ሃኒ።»

ሃኒ ወደ መንገዱ አየች። «ይጎዳኛል?»

«አላውቅም። ሰኞ ከክፍል ስወጣ ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ግን ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ እኮ። በሚዛን።»

«ሁዳዴ ነበር» አለች እፀገነት።

ሃኒ ይህን በቁም ነገር አሰበችበት፤ ስለ ጾም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች ትመስል ነበር። ስምንት ሳምንት ሙሉ ቅጠሉም መርፌውም ሲሞገሱ፣ ከሥጋና ከቅቤ መከልከሏን ማንም ከቁጥር አላስገባውም፤ እሷም ጭምር። ከነጠላዋ ሥር ቁልፍ አወጣች። ሞቆ ነበር፤ ከምሳው ጀምሮ በመዳፏ ይዛው ኖሯል። እፀገነት ተቀበለቻት፤ ባጃጁም መጥቶ ቆመ፤ አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ጠየቀቻት።

«ካርቶኑ ላይ ለምን ምልክት አደረግሽ?»

ሃኒ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ላቡ ዓይኗ አካባቢ ነበር። «እሱ ሥሎት ባዶውን ሲቀር… አላስቻለኝም» አለች።

ባጃጁ ሲነሳ እፀገነት ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው፤ ባዶው ካርቶን ላይ ወድቆ እንደ ከበሮ ድም አለ። ሹፌሩ በመስታወቱ አያት። ቀፊራ ጋ ወረደች። ገበያው ከምሳ በኋላ እንደሚሆነው ቀዝቅዟል፤ ነጋዴው በየመደቡ ጉንጩን ሞልቶ ጋደም ብሏል። ጦልሃ ቀሚሷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መቀሱን አጠገቡ አድርጎ ይጠብቃታል። ጠዋት የሆነውን እንዳልሰማ ሁሉ ሰላም አላት፤ እንዳልሰማ ሁሉ ወንበር ሳበላት።

«ወሰንሽ፣ መምህርት?»

ጨርቁን በጣቶቿ ዳሰሰችው። ከሁለቱም ጎን አንድ አንድ መዳፍ ይተርፋል። የመክሳት ዘዴዋን ሁሉም ፈልጎት ነበር፤ እሱ ግን ሰው እንዲወስደው የምትመኘው ዘዴ አልነበረም፣ ለራሷም ቢሆን። የዶሮው ጨው አሁንም ምላሷ ላይ አለ፤ ጠምቷታል።

«እጠፈው» አለችው። «አትቁረጠው።»

ጦልሃ መቀሱን ወደ ጎን ገፋው። ደብተሩን ገልጦ የሷን ገጽ አወጣ፤ የድሮውን ልክ አልሰረዘውም፤ ከሥሩ አዲሱን ጻፈ። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነበር፤ አስቀመጠውና፣ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ ጻፈው።